«ዶክተር» ሳልባል ልቤ አበጠ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂው፦
ሰላም ናችሁ? የሕክምና ተማሪ ነኝ፣ ሲ ዋን፤ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ በተግባር መማር የሚጀመርበት ዓመት ላይ። ዋርድ መውጣት ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሲስተር አንቲባዮቲክ በድሪፕ ስትሰጥ ጠብታው ዘገየብኝ። በሽተኛው ፊት «ሲስተር፣ ምነው ብታፈጥኚው?» አልኳት። ቀስ ብላ «ቫንኮማይሲን እኮ ነው» አለችኝ። ማታ ሳነብ፣ ለካ ከአንድ ሰዓት ባላነሰ ጊዜ ነው መግባት ያለበት።

ነገሩ የአንድ ቀን አይደለም። እማዬ «ጨጓራዬን» ስትል ትክክለኛው ስሙ ይሄ ነው እያልኩ አርማታለሁ። እህቴ «አንተ ከመጣህ ቡና ላይ ማውራት ፈተና ሆነ» አለችኝ። ባጃጅ የሚነዳውን የሰፈሬን ልጅ ደግሞ «ትንሽ ብታነብ ኖሮ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። የ12ኛ ክፍል ውጤታችን በጥር 2015 ሲወጣ፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ያ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረ ይመስለኛል። በተግባር ምን ላድርግ? «ጸልይ» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ።

ተጫዋቹ፦
ርዕሱን ሳየው የልብ ሐኪም የምትፈልግ መስሎኝ ነበር። አንብቤ ጨረስኩ። ትፈልጋለህ።

ነባር ነርስ፦
ወንድሜ፣ መድኃኒቱንስ አንብበህ ደርሰህበታል። «ብታፈጥኚው» ያልካት ሴት ዕድሜዋ ስንት ነው? እናትህን የምታክል ብትሆንስ? ከ«እርስዎ» ጀምር። ቫንኮማይሲን ቶሎ ሲገባ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ የደም ግፊትም ሊወርድ ይችላል። ጠብታ የምንቆጥረው ሥራ ጠፍቶን አይደለም። ይቅርታውንም ጓዳ ገብተህ አትጠይቅ፤ በሽተኛው ፊት ነው የተናገርካቸው፣ እዚያው ጠይቃቸው። ከዚያ «ደም ሥር ማግኘት ያስተምሩኝ» በላቸው። ሁለቴ ስተህ እሳቸው በአንዴ ሲያገኙልህ ሌላ ምክር አትፈልግም።

ሬዚደንት፦
እስማማለሁ፤ ግን ትሕትና ነው ብለህ ዝም እንዳትል። የተሳሳተ ዶዝ ካየህ ተናገር። «ሲስተር፣ ይሄ አልገባኝም፣ ቢያስረዱኝ?» በል። ትክክል ከሆኑ ትማራለህ፤ ከተሳሳቱም ራሳቸው ያዩታል። ሞርኒንግ ላይ፣ በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ፣ ስትጠየቅ ደግሞ አትቀባጥር። «አላውቅም፣ አንብቤ እመጣለሁ» በል። አንብበህም ና! እኔ ያቺን «አላውቅም» ለማለት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስለ ማሚቱ ጋሼም ጠይቅ። ፊስቱላ፣ ማለትም ከአስቸጋሪ ወሊድ የሚመጣ ሽንት የሚያፈስ ጉዳት፣ ይዟቸው ለመታከም የመጡ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሴት ናቸው። ኦፕሬሽን ክፍል እያገዙ፣ እያዩ፣ ራሳቸው ቀዶ ሐኪም ሆኑ። አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ለሥልጠና የመጡ ሐኪሞችን አስተምረዋል። ዲግሪ የያዘው ሰውዬ ከሳቸው ጎን ቆሞ ሲማር አስበው።

መምህር ነኝ፦
ያ 3.3 በመቶ ላይ ልመለስ። በዚያው ፈተና ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የነዚያ ሁሉ ልጆች ሰነፎች ነበሩ? አንተና ጓደኛህ አንድ ትምህርት ቤት ነበራችሁ?

ጠያቂው፦
አይደለም። እኔን አጎቴ ከፍሎ የግል ነበር የተማርኩት። እሱ የመንግሥት። ከትምህርት መልስ ደግሞ የአባቱን ሱቅ ይጠብቅ ነበር። እውነት ለመናገር እንደዚህ አስቤው አላውቅም።

መምህር ነኝ፦
እንግዲያው አትደውል። ባጃጁ የሚቆምበት ድረስ ሂድ። «ተወው» ቢልህም ሒሳብ ክፈል።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፦
ቅኔ ቤት ሳለሁ፣ ቀን ሙሉ ስቆጥር የዋልኩትን ቅኔ ማታ ለየኔታ ስነግር እንዳልነበር ያደርጉት ነበር። በማግሥቱ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ቁራሽ ልለምን እወጣለሁ። ውሻ እያሳደደህ «እኔ እኮ ሊቅ ነኝ» አትልም። አንተን ውጣና ለምን አልልህም። ግን ቤት ስትሄድ ቡናውን አንተ አፍላው። እናትህ «ጨጓራዬን» ሲሉ የበሽታውን ስም ተወውና «ከመቼ ጀምሮ ነው? ሲበሉ ነው ወይስ ሲርብዎት?» ብለህ ጠይቃቸው።

ሬዚደንት፦
ይሄ እኮ ሂስትሪ መውሰድ፣ የበሽተኛውን የሕመም ታሪክ መጠየቅ ነው። ሲ ዋን ላይ የሚማረው እሱኑ ነው!

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሲስተርን በሽተኛው ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እሺ ልጄ፣ ጓንት አድርግና ና» አሉኝ። ሁለቴ ሳትኩ። የባጃጁ ልጅ ጋ ሄጄ ነበር፤ ተራው ደርሶ ወጥቷል አሉኝ። ነገ በጠዋት እመለሳለሁ።