ባረጁ አይጦች አንጎል የጠፋው ሴሉ ነው ወይስ ፓርቫልቡሚኑ?

የ3 ወር እና የ24 ወር ዕድሜ ባላቸው የዊስታር ዝርያ አይጦች ሂፖካምፐስ (ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል) ውስጥ፣ ካልሲየም ከሚይዙ ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው ፓርቫልቡሚን የሚገኝባቸውን የነርቭ ሴሎች እየቆጠርሁ ነው። ባረጁት ላይ ቁጥሩ አንሷል፤ ይሁን እንጂ ሴሉ ሳይሞት ፕሮቲኑን ማምረት ብቻ ሊቀንስ ስለሚችል ቆጠራው ብቻውን የሴል ሞትን አያረጋግጥም፤ ለእኔ የሥራው ዋና ቁም ነገርም ይኸው ልዩነት ነው።

ስለዚህ በ4% ፓራፎርማልዴሃይድ የጸኑ፣ 40 ማይክሮሜትር ውፍረት ያላቸውን ቁራጮች ወስጄ፣ ፓርቫልቡሚንን በአረንጓዴ፣ ጋባ የተባለውን የነርቭ ሴሎችን የሚገታ ኬሚካል የሚያመርተውን ጋድ 67 የተባለ ኤንዛይም ደግሞ በቀይ ፍሎረሰንስ፣ እያንዳንዱን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል አማካኝነት አብሬ አቀለምሁ፤ ፓርቫልቡሚን ባይታይበትም ጋድ 67 ያለው ሴል አለመሞቱን ይጠቁማልና። ነገር ግን በእርጅና ሴል ውስጥ የሚከማቸው ሊፖፉሲን የተባለ ቅሪት በሁለቱም ቀለሞች በራሱ ያበራል፤ ፀረ እንግዳ አካል ያልነካው መቆጣጠሪያ ቁራጭም እንዲሁ አበራ። ከማቅለሙ በኋላ በ70% አልኮል የሟሟ 0.1% ሱዳን ብላክ የተባለ ጥቁር ማቅለሚያ ለ10 ደቂቃ ብጠቀም ይህ ብርሃን ቀነሰ፤ ደካማው የጋድ 67 ምልክትም አብሮ ጠፋ። አሁን ከእያንዳንዱ አይጥ የቀሩኝ 6 ቁራጮች ብቻ ናቸው።

ከማቅለም በፊት ቁራጮችን በጠንካራ የኤልኢዲ ብርሃን ሥር አቆይታችሁ ሊፖፉሲንን ያደበዘዛችሁ ባለሙያዎች፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ፓርቫልቡሚንንና ጋድ 67ን መለየት ሳይሳነው ብርሃኑን ለስንት ሰዓት ማቆየት ይቻላል?