የምርምር ጽሑፍን ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች እንዴት እናስነብብ?

ጥያቄ፣ ከደሴ

የልማት ኢኮኖሚክስን ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አስተምራለሁ። በዚህ ሴሚስተር ከሞጁሉ ጎን የምርምር ጽሑፍ ላስለምዳቸው ብዬ ባለ ሠላሳ ገጽ ጥናት አባዝቼ ሰጠኋቸው፤ በሳምንቱ ስንገናኝ ግን አብዛኞቹ አጭር መግለጫውን ገልብጠው ከመምጣት ያለፈ አላደረጉም። አንዷ ተማሪ «መምህር፣ ሠንጠረዡ ላይ ያሉት ኮከቦች ምንድን ናቸው?» ብላ ስትጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ልምዱ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ምን ዓይነት ጽሑፍ ትመርጣላችሁ? እንዴትስ ታስነብባላችሁ?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

መምህር፣ ችግሩ የተማሪዎቹ ስንፍና ብቻ አይመስለኝም፤ ጥያቄው ያልገባው ሰው መልሱን ሠላሳ ገጽ ሙሉ የሚከታተልበት ምክንያት የለውም። እኔ የምጀምረው ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 በኳርተርሊ ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ካሳተሙት የረሃብ ጥናት ነው፤ ከሚመረምራቸው ረሃቦች አንዱ በ1965 ዓ.ም. እዚሁ ወሎ የደረሰው ነውና። ጽሑፉን ሳልሰጥ በፊት «እህል ከጠፋ ዋጋው ምን ይሆናል?» ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሁሉም «ይንራል» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሴን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ ማሳየታቸውን፣ ገበሬው ምርቱ ሲወድቅበት አርብቶ አደሩም ከብቱ ሲረክስበት መግዣ አጥቶ ተራበ ማለታቸውን የማስነብባቸው።

በቀጣዩ ሳምንት ተመራማሪው ስቲቨን ዴቨሩ እ.ኤ.አ. በ1988 ፉድ ፖሊሲ በተባለው የምርምር መጽሔት ላይ ይህንኑ የወሎ ትንታኔ የሞገቱበትን ጽሑፍ እጨምራለሁ። አምና ከመቅደላ የመጣ ተማሪ አያቱን ጠይቆ ሲመለስ፣ «እኛ ደሴ ለመድረስ ስንት ቀን እንጓዝ ነበር፤ የደሴ ዋጋ ለእኛ ምናችን ነው?» እንዳሉት ነገረን። የአንድ ከተማ ዋጋ ስለ ሩቅ ገጠር ምን ያህል ይናገራል የሚለውን ክርክር፣ እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ከማስረዳው ይልቅ የሽማግሌው ቃል አስጨበጣቸው።

መልስ፣ ከወልዲያ

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስላለ ሞጁሉን ሳይጨርስ በጽሑፍ ክርክር የሚቆይ መምህር ተማሪውን ሊጎዳው እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ እኔ በሴሚስተር ከሁለት ጽሑፍ አላልፍም፤ የማባዛውም መግቢያውንና አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

የኮከቡን ነገር በተመለከተ፣ ትርጉሙን ከመንገር ይልቅ ማስላቱ ይሻላል፤ ኮኤፊሸንቱን (የተገመተውን የተጽዕኖ መጠን) በቅንፍ ውስጥ ላለው ስታንዳርድ ኤረር (የግምቱ ስሕተት መለኪያ) ያካፍሉት፤ የመቀነስ ምልክቱን ትተው ውጤቱ ወደ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን በ5 በመቶ ደረጃ ትርጉም ያለው፣ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል ይባላል፤ ኮከቡም የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። በቅንፉ ያለው አንዳንዴ ቲ ስታቲስቲክ (የማካፈሉ ውጤት ራሱ) ስለሚሆን ግን አስቀድመው የሠንጠረዡን ግርጌ ማስታወሻ ያንብቡ፤ እኔ ራሴ ይህን ሳላይ ክፍል ገብቼ ላብ በላብ የሆንኩበት ቀን አለ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሴንን ከማስነበቤ በፊት ከባቲ አካባቢ የመጡት ተማሪዎቼ በሰኞው ገበያ የአንድ ፍየልና የአንድ ኩንታል ማሽላ ዋጋ ጠይቀው እንዲመጡ አዝዣለሁ፤ ስንት ፍየል አንድ ኩንታል እንደሚገዛ ክፍል ውስጥ አስልተን ወደ ጽሑፉ እንገባለን።