ሀሁን ትዘምራለች፣ ፊደሉን ግን ለይታ አታውቅም

ጥያቄ (የኬጂ መምህርት)
4 ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ተማሪ አለችኝ። ሀሁን ከላይ እስከ ታች ትወርደዋለች። «ሚ»ን ነጥዬ ሳሳያት ግን ከ«መ» ጀምራ ካልቆጠረች አትደርስበትም፤ «ይህ ማን ነው?» ስላት ዝም ትላለች። ክፍሉ ውስጥ 22 ልጆች አሉ፤ ግማሾቹ አልፈዋታል። ልጠብቃት ወይስ ከነሱ ጋር ልግፋት?

ሰሌዳ (መላሽ)
አይግፏት። የያዘችው ዜማውን እንጂ ቅርጹን አይደለም። ካርቶን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ያውጡና ገበታው ላይ ከዚህም ከዚያም እያዘዋወሩ ያሳዩዋት። የለየቻቸውን ይመዝግቡ፤ ትምህርቱ ከዚያ ይነሳል።

ከዚያ 2 ወይም 3 ፊደል ብቻ ይያዙ። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ከፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሴገን የወሰደችው ባለ 3 ደረጃ አካሄድ ለዚህ ይሆናል። መጀመሪያ ስሙን ብቻ፦ «ይህ ለ ነው፤ ይህ መ ነው።» ቀጥሎ «መን ስጪኝ፤ ለን ወንበሩ ሥር ደብቂው» እያሉ መጫወት ነው፤ ረጅሙን ጊዜ እዚህ ላይ ያሳልፉ። «ይህ ማን ነው?» የመጨረሻው ነው። ዝም የምትለው ምናልባት ሁለተኛው ተዘሎ ሦስተኛው ስለመጣባት ይሆናል። ከተሳሳተች «አይደለም» አይበሉ፤ ካርዱን አንስተው ሌላ ቀን ከመጀመሪያው ደረጃ ይነሱ።

እርሳስ (ሌላ መላሽ)
እህቴ፣ የፊደል ምርጫውም ያደናግራል። «ሰ»ና «ሸ»ን፣ «ተ»ና «ቸ»ን በአንድ ቀን አታቅርቢ፤ የሚለያቸው አናታቸው ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው። ሰባቱን ቤት በአንዴ መደርደርም ያው ነው።

ፊደሎቹን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጠሽ ለስላሳ ካርቶን ላይ ለጥፊ። ደቃቁን ምረጪ፤ ሸካራው ጣት ስለሚፍቅ ይሸሹታል። ጀርባው ላይ ከነደፍሽ ግልባጩን ንደፊ፤ አለዚያ የ«ሉ» ቅጥያ በግራ በኩል ይወጣል። ልጅቷ በሌባና በመሃል ጣቷ በሚጻፍበት አቅጣጫ ትዳስሰው፣ ድምፁንም አብራ ታውጣ።

ጠያቂዋ
የቀሩት 21ዱስ?

ሰሌዳ
ሌሎቹ የመረጡትን ሥራ ይዘው ሳሉ ለአንድ ልጅ 5 ደቂቃ ይበቃል። ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፣ ስም ወደ ታች፣ ፊደል ወደ ጎን። ፊደሉን ሲያሳዩ ሳጥኑ ውስጥ አንድ መስመር ያስምሩ፣ ልጆቹ ሲለማመዱት ሁለተኛ፣ ከተራው ውጪ ሲለዩት ሦስተኛ፤ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ፊደሉ ተያዘ። ሁለተኛው መስመር ላይ ለሳምንታት ከቆመ አቀራረቡን ይለውጡ። ሰንጠረዡ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ወላጆች ልጆቻቸውን ማወዳደሪያ ያደርጉታል።