ለማያምን ቤተሰብ፦ እንናገር ወይስ ኑሯችን ይናገር?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከአንዲት እህት ነው። ከቤተሰቡ ያመነችው እሷ ብቻ ናት። አባቷ በጠና ታመዋል። የክርስቶስን ነገር ስታነሳባቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። «ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?» ትላለች። ሐሳብ አምጡ። ስድብ ግን አጠፋለሁ።

የበኩር ልጅ፦ ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ትንገራቸው እንጂ! እንድርያስ መጀመሪያ የሄደው ወንድሙን ስምዖንን ፍለጋ ነው። ማርቆስ 5 ላይ ከአጋንንት የተፈታው ሰውዬም «ልከተልህ» ሲል ወደ ቤተሰቡ ሄዶ እንዲያወራ ነው የተላከው። ዝም በሉ የሚል የት አለ?

ምራት፦ 1ኛ ጴጥሮስ 3 ላይ አለ ወንድሜ። ባሎቻቸው ለማያምኑ ሚስቶች የተሰጠው ምክር ያለ ቃል፣ በኑሮ ማርኳቸው የሚል ነው። የኔም ባል አያምንም። ከጸሎት ስመለስ የሚያነበው ፊቴን ነው። ተኮሳትሬ ከገባሁ የዚያ ቀን ስብከት አለቀለት።

የበኩር ልጅ፦ እዚያው ምዕራፍ ትንሽ ውረጂ። ቁጥር 15 መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል።

ምራት፦ «ለሚጠይቋችሁ» የምትለዋን ዘለልካት። በየዋህነት የምትለዋንም።

ያላመነው ወንድም፦ ይቅርታ፣ እኔ የናንተ ወገን አይደለሁም። እዚህ ያስገባችኝ እህቴ ናት (ይሄም አንድ ዘዴ ነው መሰለኝ)። በየጠዋቱ ለቤተሰቡ በሙሉ አበባ ላይ የተጻፈ ጥቅስ ትልካለች። አባታችን የመልእክቷን ድምፅ ስልኩ ላይ ካጠፋው ቆየ። ሥራ ያጣሁ ሰሞን ደወለችልኝ። ስለ ቤት ኪራዩ ጠየቀችኝ፣ አሳቀችኝ፣ ልቤ ቀለል አለ። ልንዘጋ ስንል «ይሄ እኮ ጌታ እየጠራህ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ቶሎ አላነሳም። እምነቷን ጠልቼ አይደለም። የደወለችው ለኔ ብላ ይሁን ለሌላ ጉዳይ ግራ ስለሚገባኝ ነው።

የልጆች እናት፦ ልጄ፣ እህትህ ላይ አትፍረድባት። የሚወዱት ሰው ይጠፋል ብሎ ማመን እንቅልፍ ይነሳል። እኔም ያላመነ ልጅ አለኝ። በኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካም ስላላመነው ልጇ ጨንቋት አንዱን ጳጳስ ልጄን ተከራከሩልኝ ብላ ለመነች። እምቢ አላት። አሁን አይሰማም፣ ተይው፣ ጸልይለት ብቻ አላት። ብታለቅስበትም አልሄደላትም። ልጁ ግን ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ387፣ ሚላን ላይ በከተማው ጳጳስ በአምብሮስ እጅ ተጠመቀ።

የበኩር ልጅ፦ እማማ፣ ያሉት ልክ ነው። ግን አውግስጢኖስ ወጣት ነበር፣ ጊዜ ነበረው። እኚህ አባት ግን አልጋ ላይ ናቸው።

አስታማሚ፦ በሙያዬ የታመሙ ሰዎች አጠገብ ነው የምውለው። አልጋ ከብቦ ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚሰብክ ዘመድ ብዙ አይቻለሁ። ኦክስጅን አፍንጫው ላይ የተደረገለት ሰው ምን ብሎ ይመልስ? ራሱን ከነቀነቀ «ተቀበለ!» ይባላል። የደከመው ሰው እኮ ለሁሉም ይነቀንቃል። ውሃ ትፈልጋለህ ብትለውም ያው ነው። ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ «እስቲ ያ የምትሉት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀም አይቻለሁ። የጠየቀው ደግሞ ሲሰብክበት የዋለውን አይደለም። ትራሱን ስታስተካክልለት የነበረችውን ነው።

የበኩር ልጅ፦ ሳይጠይቁ ቢያርፉስ? ተጠያቂው ማን ነው?

አወያይ፦ እዚህ ላይ ልግባ። ዮሐንስ 7፥5 የጌታ ወንድሞች እንኳ አላመኑበትም ይላል። ከሱ የተሻለ የተናገረ አለ? ከሱ የተሻለ የኖረስ? እንግዲህ አባትየው ካላመኑ አነጋገሯ ወይም ኑሮዋ ጎድሎ ነው ማለት አንችልም። ሁለታችሁም ያንን ሸክም ልጅቷ ላይ ልትጭኑት ነው። ከወንድሞቹ አንዱ ያዕቆብ በኋላ አመነ፤ ያመነው ግን ከትንሣኤው ወዲህ ነው። በኔ እይታ አንድ ጊዜ በግልጽ ትንገራቸው። ስብከት ሳይሆን እሷ ላይ የሆነውን። ከዚያ ልጃቸው ሆና ትቀመጥ።

ያላመነው ወንድም፦ አንድ ጊዜ ከሆነ እኔም እሰማለሁ። ሁለተኛውን ራሴ ልጠይቅ።

የበኩር ልጅ፦ «አንድ ጊዜ» የሚለውን ከየት አመጣኸው? መጽሐፍ ላይ የለም።

አወያይ፦ የለም። የራሴ ነው። ሙግትህን ቀጥል።

የበኩር ልጅ፦ እቀጥላለሁ! ጳውሎስ ያለ ሰባኪስ እንዴት ይሰማሉ ብሏል። ቁጥር ግን አልወሰነም።

አስታማሚ፦ እናንተ ቁጥሩ ላይ ስትስማሙ፣ ለእህታችን አንድ ነገር ልበል። ሕመሙ ጋብ የሚልላቸውን፣ መድኃኒቱም እንቅልፍ የማያሲዛቸውን ሰዓት የሚከታተሏቸውን ባለሙያዎች ጠይቂ። ያኔ ብቻችሁን ሆናችሁ አናግሪያቸው፤ «በቃ» ካሉም አቁሚ።