ግሪኮች ጠረጴዛችንን ወሰዱብን?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ትናንት ከፒያሳ በታክሲ ስመጣ ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ ምን ቢል ጥሩ ነው? ትራፒዚየም የሚባለው የባለ አራት ጎን ቅርጽ ስም የእኛው ጠረጴዛ ነው፣ ግሪኮች ከእኛ ወስደው ነው አለ። ጋዜጠኛው ደግሞ «ይገርማል!» ኧረ ጠይቀው! ትራፔዛ ግሪክኛ ነው፣ ትራፔዚዮን ትንሽ ጠረጴዛ ማለት ነው። የግሪኩ የሂሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት የጻፈው ነገር! ቃሉን የተዋስነው እኛ ነን።

ሸገር፦ የእኛ ሲባል ምን ያማችኋል? ጠረጴዛ የሚጻፈው በጰ ነው። ጰ ደግሞ ግሪክ የላትም። ፊደሉ ራሱ ይመስክር!

ቲቸር፦ ይመስክራ! ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጰራቅሊጦስ። ሁሉም በግሪክኛ በኩል የመጡ ናቸው። ጥሩ ምስክር አመጣህ።

ሸገር፦ ኢትዮጵያም በጰ ቤት ናት። እሷንም ስጧቸዋ!

የአራት ኪሎ ልጅ፦ የጥንቱ የግሪክ ገጣሚ ሆሜርም እኮ አይቲዮፔስ ብሏል...

ሸገር፦ መጣችኋ! ስሟን ሰጣት የሚባለው ንጉሥ ኢትዮጲስ የት ገባ?

ማሂ፦ እናንተ ሰዎች፣ ስለ ጠረጴዛ አልነበር እንዴ? ልጄ ዩቲዩብ ላይ አሜሪካኖቹ ትራፒዞይድ ሲሉ ሰምቶ መምህሬ ተሳስታለች እያለኝ ነው።

ቲቸር፦ አልተሳሳተችም እህቴ። ሁለት ትይዩ ጎን ያለውን እንግሊዞች ትራፒዚየም፣ አሜሪካኖች ትራፒዞይድ ይሉታል። ሀተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1795 ባሳተመው የሂሳብ መዝገበ ቃላት ሁለቱን ስሞች አገላበጣቸው። እንግሊዞች በኋላ ወደ ድሮው ተመለሱ፣ አሜሪካኖቹ እዚያው ቀሩ።

ሸገር፦ የራሳቸውን ስም እንኳ መያዝ አቅቷቸው የእኛን ሊነግሩን! ፊደሉ ይመስክር ብያለሁ።

ቲቸር፦ እሺ፣ የፊደል ነገር ከወደድክ፦ ግሪክ ውስጥ ፒሎስ ላይ 3,200 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሸክላ ጽሑፎች ተገኝተዋል። ቃሉ እዚያ ላይ «ቶፔዛ» ተብሎ ተጽፏል። የዕቃ ቆጠራ ነው፣ ከነጠረጴዛው። ዛሬም እዚያ አገር ባንክ ትራፔዛ ነው የሚባለው።

ሸገር፦ ሸክላውን ማን አነበበው? ፈረንጅ!

ቲቸር፦ ቬንትሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1952። አርክቴክት ነበር።

ሸገር፦ በለው! አርክቴክት ስለ ቋንቋ ምን አገባው?

ማሂ፦ አንተስ ሥራህ ምንድን ነው?

ሸገር፦ አካውንታንት። ምነው?