«የተገለበጠ» ካርታ ወይስ «የተዘቀዘቀ»?

ፊደል፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ደቡብ ላይ፣ ሰሜን ታች የሆነበት የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። ደቡብ አፍሪካ አናት ላይ ናት። ዓባይም እንደ ወንዝ ወጉ ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ግብፅ ይወርዳል! ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ሳየው ቆየሁ። ጓደኛዬ «ተገልብጧል» አለች፤ እኔ «ተዘቅዝቋል» አልኩ። የቱ ነው ልክ?

የአራዳ ልጅ፦ «ተገለበጠ» መዘዝ አለው። መኪና ይገለበጣል። ፈተና ላይ ደግሞ ተማሪ ከጎኑ ካለው ይገለብጣል። ስለዚህ ካርታው ከሌላ የተቀዳ ሊመስል ይችላል። ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ «ካርታ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የቤት ካርታ ነው። እስቲ ደላላ ፊት «የተገለበጠ ካርታ አለኝ» በይ፤ ፎርጅድ ነው ብሎ ይሮጣል።

ጋሽ ብራና፦ ልጄ፣ ሁለቱም ቃላት ካርታውን ይወቅሱታል። «ተዘቀዘቀ» ስንል ትክክለኛው አኳኋን ሌላ ነው ማለታችን ነው። አል-ኢድሪሲ በ1154 እ.ኤ.አ. ለሲሲሊው ንጉሥ ለዳግማዊ ሮጀር ካርታ ሲሠራ ላይ ያደረገው ደቡብን ነው። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮም በ1450 ገደማ እንዲሁ። እንዲያውም የእኛን አገር ክፍል እዚያው የተወለዱ የሃይማኖት ሰዎች በእጃቸው እንደሣሉለት ካርታው ላይ ጽፏል። ለእነሱ የተዘቀዘቀ ነገር የለም። እኔ ብሆን «ደቡብን ራስጌ ያደረገ ካርታ» እላለሁ። ራስጌና ግርጌ ለአልጋ ብቻ ለምን ይቀራሉ? አልጋም እኮ እንደፈለጉ ይዞራል።

ቀበና፦ ራስጌን ተቀብያለሁ። ግን እኛ የመሀል ከተማ ሰዎች እንዲህ ያለው ካርታ ቅር የሚለን በእግራችን ምክንያት ይመስለኛል። እዚህ «ላይ» ማለት እንጦጦ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ሰሜን ነው። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሀር «እንወርዳለን»፣ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ «እንወጣለን»። በፊደል ካርታ ከሄድን ለገሀር አቀበት ሊሆንብን ነው! ዳገቱ ወደ ደቡብ የሆነበት ከተማ ያደገ ሰው ካለ ምን ይላል?

ፊደል፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ራስጌን ወስጃለሁ። ምሥራቅን ራስጌ ያደረጉም አሉ። እንግሊዝ አገር ሄርፎርድ ካቴድራል ያለው፣ በ1300 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሣለው ካርታ ኢየሩሳሌምን መሀል፣ ገነትን አናቱ ላይ አስቀምጧል። ካፌው እሱንም በሰቀለልን!