ያገለገለ ጆይስቲክ፦ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ምን ልፈትሽ?

ጣና ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር ያገለገለ ትረስትማስተር ቲ.16000ኤም አግኝቻለሁ። ሻጩ ሱቁ ውስጥ እንድሞክረው ፈቅዷል፤ ከተሸጠ በኋላ ግን መመለስ የለም። የማበርረው ኤክስ-ፕሌን 12 በሚባለው የበረራ ጨዋታ ላይ ሴስና 172 የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን ነው። በሩብ ሰዓት ምን ምን ልይ? እጀታው መሐል ላይ ትንሽ ይላላል፣ ያሰጋል? ግራኝ መሆኔንም አስቡልኝ።

ቀዛፊ፦
የራስህን ላፕቶፕ ይዘህ ሂድ። ካሊብሬሽን (የመሐሉና የጫፎቹ ልኬት ማስተካከያ) የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ የሻጩ ማሽን ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል። በሃብ ሳይሆን በቀጥታ ዩኤስቢው ላይ ሰካው። ጨዋታውን አትክፈት፤ ዊንዶውስ ላይ የጌም ኮንትሮለር መስኮቱን ፈልገህ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ግባ።

ትልቁ ፈተና የእጀታው መጠምዘዣ፣ ማለትም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ግራ ቀኝ የሚያዞረው መሪ ነው። በዚህ ሞዴል ግራ ቀኙንና ፊት ኋላውን የሚያነበው ማግኔት ነው፤ የሚፋተግ ነገር ስለሌለ ቶሎ አያልቅም። መጠምዘዣው ግን ፖቴንሽዮሜትር ነው፤ ውስጡ ትንሽ ብረት የካርቦን መስመር ላይ እየተፋተገ ይሄዳል። መስመሩ ሲበላ ወይም አቧራ ሲገባበት ንባቡ ይዘላል፤ አውሮፕላኑም ሜዳ ላይ ሲንደረደር አፍንጫውን ግራ ቀኝ ይወረውራል። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር ሰከንድ ያህል ወስደህ ቀስ ብለህ ጠምዝዘው። መሐሉን ደጋግመህ እይ፣ ብዙ የሚበላው እዚያ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ አቧራ ይለቃል፣ የተበላ መስመር ግን አይመለስም። የጋዙን መንሸራተቻም እንዲሁ ፈትሽ።

ስለ መላላቱ፦ እጀታው ሲነቃነቅ በዚያው መስኮት ላይ ቦታውን የሚያሳየው መስቀል ካልተንቀሳቀሰ ብዙም አትጨነቅ። ከአራቱም አቅጣጫ ገፍተህ ልቀቀው፤ መስቀሉ በየጊዜው ሌላ ቦታ የሚያርፍ ከሆነ ግን ተወው። «ዴድዞን (መሐል ላይ እንቅስቃሴው የማይቆጠርበትን ክፍተት) ጨምርበት» ይሉሃል። ሁለት ሦስት ፐርሰንት ምንም አይደለም፤ አሥር ከደረሰ ለማረፍ የምታደርጋቸው ጥቃቅን እርማቶች በሙሉ እዚያ ውስጥ ይዋጣሉ።

ገመዱን መነሻው ላይ እያጠፍክ የዊንዶውስ የመነቀል ድምፅ መኖሩን አዳምጥ።

ሰማይ ጠገብ፦
አንድ ልጨምር። የባሕር ዳር ሜዳ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን መቆጣጠሪያ) ሙሉ አድርገህ ከተነሣህ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበትና ጉልበት ያንሰዋል፤ ብዙ ሰው ይህን የጆይስቲክ ችግር ያደርገዋል። መንሸራተቻው መስኮቱ ላይ ጫፍ ከደረሰ ጆይስቲክህ ደህና ነው፣ ሚክስቸሩን ቀንስ። መንሸራተቻው አንድ ብቻ ስለሆነ ሚክስቸርን ለሁለት ቁልፎች ስጥ፣ አንዱ ለመጨመር፣ አንዱ ለመቀነስ።

ስታርፍም በዚሁ ስስ አየር ምክንያት የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት እያሳየ በሞቃት ቀን እውነተኛው ፍጥነት ከ70 ያልፋል። መሬቱ ቶሎ የመጣብህ ለዚህ ነው፣ የእጀታውን ሴንሲቲቪቲ አትነካካ።

ቀዛፊ፦
ግራኝ ለሆነ ሰው ይህ ጥሩ ምርጫ ነው። የመዳፍና የአውራ ጣት መደገፊያዎቹ ተፈትተው በግራ ይቀየራሉ፣ ከሥሩም ግራ ቀኝ የሚቀይር ማብሪያ አለው። የግራዎቹ ክፍሎች አብረው መኖራቸውን ሳታይ ግን ዋጋ እንዳትነጋገር፤ ያገለገለ ዕቃ ላይ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው።